ዕፅዋት መማር እፈልጋለሁ፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻለኛል?

የዘጌ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ መጥቷል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማለፊያውን በደንብ አልፌያለሁ። አሁን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ልሞላ ነው። ቤተሰቤ በሙሉ «ጤና ግቢ» ይለኛል። እኔ ግን የምፈልገው ስለ ዕፅዋት መማር ነው።

ቤታችን ዘጌ ነው፤ የምንተዳደረውም በቡና ነው። ዘጌን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም። ቡናውም ጌሾውም ዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው። አያቴ ለቡና ለቀማ ይዛኝ ስትወጣ መንገዱን የምትነግረኝ በዛፍ ስም ነበር። «ከዶቅማው ዝቅ ብለሽ፣ ዋንዛዋን አልፈሽ፣ ብሳናዋ ጋ ጠብቂኝ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ብሳናዋ ሥር ቆሜ ስጠብቃት ከመሬት ቅጠል አነሣሁ። ጫካው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ያቺ ቅጠል ብቻ እንደ ፍም ቀልታለች። ለምን እንደሆነ አያቴን ጠየቅኋት። «እሱን ፈጣሪዋ ያውቃል» አለችኝ። ትምህርት ቤት ስጠይቅ ደግሞ «ፈተና ላይ አይመጣም፣ ጊዜሽን አታባክኚ» ተባልኩ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ቦታኒ የሚባለው ዲግሪ የት ነው ያለው? ባሕር ዳር ልሁን ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ? ተምሬስ ምን ሥራ አገኛለሁ? ይህን የመጨረሻውን የጠየቀኝ አባቴ ነው። መልስ አጥቼ ዝም አልኩት።

ፔዳ ባዮሎጂ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ሳትሞዪ በፊት መጠየቅሽ ጥሩ ነው።

ከብሳናዋ ልጀምር። ዛፏ ቅጠሏን ከመጣሏ በፊት ውስጡ ያለውን ጠቃሚ ነገር ወደ ራሷ ትመልሳለች። አረንጓዴው ክሎሮፊል ይፈርሳል። ያኔ ተሸፍነው የነበሩት ወይም አዲስ የተሠሩት ሌሎቹ ቀለሞች ይወጣሉ። ደግሞም ፈተና ላይ ይመጣል። ፕላንት ፊዚዮሎጂ የሚባል ኮርስ አለ፤ እዚያ ትደርሺበታለሽ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ «ቦታኒ» የሚል ስም ፍለጋ አትድከሚ። በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪው የሚሰጠው በባዮሎጂ ነው። ዕፅዋት፣ እንስሳት፣ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ጄኔቲክስ፣ ሥነ ምኅዳር፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ዕፅዋት ላይ ብቻ የምታተኩሪው ማስተርስ ላይ ስትደርሺ ነው። ስለዚህ አሁን የምትመርጪው ጥሩ የባዮሎጂ ትምህርት ያለበትን ቦታ ነው።

እኔ የተማርኩት ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ ነው። (ፔዳ የተባለው ከድሮው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። እሱና ፖሊ፣ ማለትም ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ፣ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም ነው ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው።) አንደኛ ዓመት ሁሉም ተማሪ የጋራ ኮርስ ይወስዳል። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ በውጤትና በፍላጎት። በእኛ ጊዜ አብዛኛው ተማሪ የሚሻማው ለሌላ ዲፓርትመንት ስለነበር ባዮሎጂን ከልቡ ለሚፈልግ ሰው ቦታ አልጠፋም። ቢሆንም ፍሬሽማን ላይ እንዳትዘናጊ። ሒሳቡንም ኬሚስትሪውንም ያዢ። በመጨረሻ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም።

ዘንዘልማ

ከፔዳው ወንድሜ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ። ግን አንድ ሌላ በር አለ፤ እሱን ሳታዪ አትወስኚ። ዘንዘልማ ግቢ፣ ግብርና ኮሌጅ ውስጥ ፕላንት ሳይንስ አለ። ስሙ ያሳስታል። ብዙ ተማሪ «ዕፅዋት» ሲል ይህንን ይሞላና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሰብልና አፈር ሲገጥመው ግራ ይጋባል።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ባዮሎጂው «ይህች ዕፅዋት ማን ናት? ከማን ትዛመዳለች? እንዴት ትኖራለች?» ይላል። ፕላንት ሳይንስ «ይህ ሰብል እንዴት ይሻሻላል? ምን ያጠቃዋል? ከሄክታር ስንት ኩንታል ይሰጣል?» ይላል።

እኔ የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት ኖግ ላይ ነው። ኖግ በራሱ የአበባ ዱቄት ደህና ፍሬ አይዝም፤ ከሌላ ኖግ የሚያመጣለት ነፍሳት ይፈልጋል። ስለዚህ ማሳ ዳር ተቀምጬ ንብ እቆጥር ነበር። ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ እደርሳለሁ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሲባጎ ከልዬ፣ ሰዓት ይዤ፣ በ10 ደቂቃ ስንት ንብ እንዳረፈች እጽፋለሁ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ማሳው ሁሉ ድምፅ ይሆናል። ከጎኑ በስስ ጨርቅ የሸፈንናቸው አበቦች ነበሩ፤ ንብ እንዳትደርስባቸው። በመጨረሻ ሁለቱን ስንወቃ የተሸፈነው አብዛኛው ገለባ ነበር። ያን ቀን ገበሬው ማሳው ዳር ቀፎ ሲሰቅል ምን እየሠራ እንደሆነ ገባኝ።

ሥራን በተመለከተ የእኛ በር ትንሽ ሰፋ ይላል። ግብርና ቢሮ አለ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አለ። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ አዴት ላይም የምርምር ማዕከል አለ። ቆጋን የመሰለ የመስኖ እርሻም ቅርብ ነው። ግን የአንቺን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአንቺ ጥያቄ የባዮሎጂው ዓይነት ነው። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

የሦስት ልጆች እናት

የኔ ልጅ፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ የምጽፈው ልጄ እያገዘኝ ነው። ትልቁ ልጄ በባዮሎጂ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሞ የዋለባቸውን ቀኖች እኔ ነኝ የማውቃቸው። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል፤ ደስተኛ ነው። ግን ያ ሁለት ዓመት ቀላል አልነበረም።

አባትሽ «ምን ሥራ ታገኛለሽ» ማለቱ ክፋት የለውም። አንቺን ማፈኑም አይደለም። መልስ ይዘሽለት ሂጂ። ቁጭ ብለሽ አስረጂው።

ደንገል

እኔ የታንኳ ሠሪ ልጅ ነኝ። አባቴ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ ይሠራል። ታንኳ የሚያገለግለው ጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፣ ሌላ ይታሰራል። ስለዚህ ለእኛ ደንገል ማለት እንጀራ ነው። ደንገሉ ከባሕር ዳር አካባቢ ሲሸሽ አባቴ ለአንድ ታንኳ የሚሆን ለማጨድ ግማሽ ቀን መቅዘፍ ጀመረ።

ተማሪዎች ለጥናት ሲመጡ በታንኳም በጀልባም አደርሳቸዋለሁ። ደንገሉን፣ ፊላውን፣ እምቦጩን ይቆጥራሉ። ከእነሱ ብዙ ተምሬያለሁ። እምቦጭ መጤ ነው፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ ጎልቶ የታየው በ2004 ዓ.ም ገደማ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ስንነቅለው ከርመን በዓመቱ ተመልሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ይህንን ሳላውቅ በፊት ድካማችን ከንቱ ይመስለኝ ነበር። ካወቅሁ በኋላ ግን ዘር ሳይጥል በፊት መንቀል እንዳለበት ገባኝ።

እህቴ፣ ባሕር ዳር ሁኚ። ሐይቁን የሚያጠና ሰው ሐይቁ ዳር ይሁንልን።

አራት ኪሎ

ሁሉንም አነበብኩ። እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የዕፅዋት ባዮሎጂና የብዝኃ ሕይወት አስተዳደር በሚባለው ክፍል። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት ከዚህ ሳይሆን ክልል ላይ ካለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቤት አውቃለሁ።

አዲስ አበባ ያለውና ሌላ ቦታ በዚያ መጠን የማታገኚው ነገር ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት ቤት ማለት ነው። ረጃጅም ቁምሳጥኖች አሉ። ከፍተሽ አንዱን አቃፊ ስታወጪ ወፍራም ወረቀት ላይ የተሰፋና የተለጠፈ ቅርንጫፍ ታገኛለሽ፤ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ፍሬው። ከታች በስተቀኝ ትንሽ ወረቀት አለች። የዕፅዋቱ ስም፣ የተሰበሰበበት ቦታ፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር ተጽፎባታል። እኔ ሳልወለድ የተቆረጠ ቅርንጫፍ እጄ ላይ ይዤ አውቃለሁ። ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል፤ ጠርዙ ላይ ያለችው ጥርስ ግን አንድ በአንድ ትቆጠራለች።

የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ፣ ማለትም የሁለቱን አገር ዕፅዋት የሚዘረዝረው መጽሐፍ፣ የተጻፈው እንዲህ ባሉ ናሙናዎች ነው። ሥራው በፈረንጆቹ 1980 ተጀምሮ 2009 ላይ አለቀ። 8 ቅጽ ነው፤ አንዳንዱ ቅጽ ተከፍሎ በ10 መጽሐፍ ታትሟል። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉበት። ከእነዚህ ከ10 አንድ ያህሉ ከእኛ አካባቢ በቀር የትም የሉም። 7ኛው ቅጽ ሙሉውን ስለ ሣር ቤተሰብ ነው፤ ጤፋችን ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። ሥራውን ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው፤ በፈረንጆቹ 2016 የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ዓለም አቀፍ ሜዳሊያውን ሸልሟቸዋል። ይህን የምነግርሽ ዕፅዋት መማር የትም አያደርስም ለሚሉሽ እንድትመልሺበት ነው።

እንግዲህ ምክሬ፦ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ቤትሽ አጠገብ ተማሪ። ማስተርስሽን እዚህ ነይ። አዲስ አበባ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተናም አለው። ሄርባሪየሙን በደንብ የሚጠቀምበት ደግሞ መስክ ላይ ዕፅዋቱን በሕይወት ያየ ሰው ነው። የከተማ ልጆች ሆነን ፎቶ ብቻ አይተን የመጣነው መጀመሪያ ላይ በጣም ተቸግረናል።

ፋሲለደስ

አራት ኪሎ፣ በዚህ አልስማማም። ጎበዝ ተማሪ ገና በ18 ዓመቱ ትልቅ ሄርባሪየም ቢያይ ምን ይጎዳዋል? አራት ዓመት ሙሉ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ናሙና ሳያይ የሚመረቅ አለ። ልጅቷ አቅሙ ካላት ፈተናውን ትሞክረው። ካልሆነላትም ባሕር ዳርና ጎንደር አሉ። ለዘጌ ልጅ ጎንደርም ሩቅ አይደለም፤ የሰሜን ተራሮች ዕፅዋትም ያለው በዚያ በኩል ነው።

አራት ኪሎ

ፋሲለደስ፣ ትክክል ነህ፤ መሞከሩ አይጎዳም። እኔ ያልኩት በራሴ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። አዲስ አበባ ስገባ የቤት ወጪው ከትምህርቱ በላይ ያሳስበኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በዶርምና በካፌ፣ ወጪ መጋራቱን ከተመረቅሽ በኋላ እየከፈልሽ፣ ቤተሰብሽ አጠገብ መማር ቀላል ነገር አይደለም።

ስሜ ይቅር

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት። እኔ ምደባ ሲያመልጠኝ የግል ኮሌጅ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያው ላይ የአረንጓዴ ቅጠል ሥዕል ነበረው፤ «ተግባር ተኮር» ይላል። ሁለት ዓመት ተማርኩ። በሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ከግቢ አልወጣንም። አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር፤ መብራቱ አይሠራም። መምህሩ ጥሩ ሰው ነበር፤ የራሱን ስልክ መብራት ያበራልን ነበር። በኋላ የምስክር ወረቀቴን ይዤ ሥራ ስጠይቅ የዚያ ትምህርት ዕውቅና ጊዜው ማለፉ ተነገረኝ። እናቴ በግ ሸጣ የከፈለችው ገንዘብ ነው።

የግል የምትገቡ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ አጣሩ። ኮሌጁ ዕውቅና አለው ወይ ብቻ አትበሉ። የምትማሩት ትምህርት፣ በምትማሩበት ካምፓስ፣ በምትማሩበት ዓመት ዕውቅና አለው ወይ በሉ። ሦስቱም ለየብቻ ናቸው።

የዘጌ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና «ይቺ ሴት እውነቷን ነው» አለ። ስሜ ይቅር፣ በጣም አዘንኩ። ወንድሜ ደንገል፣ ያቺን የ20 ዓመቷን ዘር ነገር ስሰማ ማመን አቃተኝ።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አንደኛ፣ አያቴ ብዙ መድኃኒት ታውቃለች። የብሳና ጭማቂ ለቋቁቻ ትቀባለች፤ ሌላም ሌላም አለ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይህን እንድጽፍ ይፈቀድልኛል? እሷ ለሁሉም ሰው አትናገርም። ሁለተኛ፣ ግቢ ሄጄ ልይ ብል ማንን፣ ምን ብዬ ልጠይቅ? ዝም ብዬ ሕንፃ አይቼ እንዳልመለስ ፈራሁ።

መምህር ጡረተኛ

ልጄ፣ 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ሁለተኛው ጥያቄሽ ቀላል ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ሕንፃ አትዪ። ቢሮም አትሂጂ፤ ቢሮ የሚሰጥሽ ወረቀት ነው። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ፈልጊ። ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ መስክ ወጣችሁ በያቸው። «አንድ ጊዜ፣ ለፎቶ» ካሉሽ ገብቶሻል ማለት ነው። የዕፅዋት ምደባ የሚያስተምራችሁ ማን ነው፣ እሱ ራሱ በቅርቡ መስክ የወጣው መቼ ነው በያቸው። ዕፅዋት የሚሰበስብ መምህር ተማሪ ይዞ ይወጣል፤ አልጋው ሥር እንኳ ፕሬስ (ዕፅዋት ተጭኖ የሚደርቅበት) አይጠፋም። የመመረቂያ ሥራችሁ ምንድን ነው ብለሽ ደግሞ ጠይቂ። ሁሉም ከኢንተርኔት የተለቀመ ከሆነ ትረጃለሽ። አንዲት ተማሪ እንኳ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ደን ዛፎችን ቆጥራ ከሆነ ያ ቤት ደህና ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ደን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። በጎጃምም በጎንደርም ዙሪያው ታርሶ አልቆ ጥንት የነበረው ደን የቀረው አጥር ግቢው ውስጥ ነው። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ። ከመንገድ ላይ ስታዪው አረንጓዴ ነጠብጣብ ይመስላል። ባሕር ዳር የሚማር ልጅ በታክሲ ሄዶ፣ ቄሱን አስፈቅዶ፣ አንድ ደን አጥንቶ ማታ ዶርሙ ይገባል። ይህንን ዕድል ከሌላ አገር ድረስ መጥተው የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። አንቺ ደግሞ የተወለድሽው ጫካው ውስጥ ነው። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዘጌም በዚያ ውስጥ ናት።

አሁን ወደ አያትሽ። ይህ ከባድ ጉዳይ ነው፤ ረጋ ብለሽ ስሚኝ። ሰውና ዕፅዋት ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠናው ዘርፍ ኢትኖቦታኒ ይባላል። በአገራችን ብዙ ሰው ማስተርሱን የሚሠራው በዚህ ነው። ነገር ግን የአያትሽ ዕውቀት የአያትሽ ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣ አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 482/1998 ነው። ከማኅበረሰቡ ዕውቀት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ማስፈቀድ አለበት፤ ጥቅም ከተገኘም ማካፈል አለበት ይላል። አንቺ የልጅ ልጇ ብትሆኚም ጠይቂያት። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ማን እንደሚያነበው ንገሪያት። «ይሄኛውን ጻፊ፣ ይሄኛውን ተዪ» ካለችሽ የተወችውን ተዪው። በሥራ ዘመኔ መጠይቅ ይዞ መንደር ገብቶ፣ የሽማግሌ መድኃኒት ጽፎ፣ ተመልሶ አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቃቸውን ሰው አይቻለሁ። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ ቅር ብሏቸው ነበር።

ለአባትሽ የሚሆን ነገርም ላክልበት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከታች ወንዙ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድን ያላየ ሰው በአገሩ አልነበረም። እሳቸው ግን ከወንዙ በታች ያለውንም አዩ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በፈረንጆቹ 1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሥራው ደግሞ አለ፤ ፈልጎ ለሚያገኝ። መምህርነት አለ። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ፤ የሰብል ዘር የሚያስቀምጠው ጂን ባንክ እዚያ ነው። የምርምር ማዕከላት አሉ። አካባቢ ጥበቃ አለ። ደን ከወደድሽ ደግሞ ወንዶ ገነት አለ፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የደን ኮሌጅ ነው። አራት ዓመቱን ስትማሪ ከጎን ኮምፒዩተር ላይ ካርታ መሥራት ልመጂ። ጥሩ እንግሊዝኛ መጻፍም ልመጂ። የተመራቂ ልጆቼን ዕጣ ስከታተል ቶሎ ሥራ ያገኙት እነዚህን ሁለት የያዙት ነበሩ።

ዘንዘልማ

መምህር፣ ካርታውን በተመለከተ ልክ ነዎት። እኔም ሥራዬን ያገኘሁት በእሱ ነው።

አራት ኪሎ

የዘጌ ልጅ፣ ምርጫው እስኪዘጋ አትቀመጪ። ዛሬውኑ አንድ ናሙና ሥሪ። ከብሳናዋ የክንድሽን ያህል ቅርንጫፍ ቁረጪ፤ ቅጠልም ፍሬም ያለው። በጋዜጣ መሐል ዘርጊው። አንዱን ቅጠል በጀርባው ገልብጪው፤ ጀርባውም መታየት አለበት። ላዩ ላይ ከባድ ነገር ጫኚ። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ፤ ሐይቅ ዳር እርጥበት ስላለ ካልቀየርሽ ይሻግታል።

ስትዘረጊው ደግሞ የቅጠሉ ግንድ ከቅጠሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በደንብ እዪ። ምን አለ?

የዘጌ ልጅ

አየሁት! ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። እንደ ስፒል ራስ ናቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ቅጠል ስይዝ አንድም ቀን አላየኋቸውም። አያቴን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ በጣም ቆየች። «እኔም አላየሁም ነበር» አለች።

አራት ኪሎ

እነሱ ዕጢዎች ናቸው። ብሳናን ከምትለዪባቸው ምልክቶች አንዱ እነሱ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሟ ክሮቶን ማክሮስታኪየስ ነው። ማክሮስታኪየስ በግሪክኛ «ረጅም ዘለላ ያላት» ማለት ነው። አሁን ፍሬዎቹ የተደረደሩበትን ዘንግ ተመልከቺው፤ ስሙን ከየት እንዳመጡት ይገባሻል።

የሦስት ልጆች እናት

የኔ ልጅ፣ ወዴት ደረስሽ? ምርጫውን ሞላሽ?

የዘጌ ልጅ

እናቴ፣ ስላሰቡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሞላሁ። ከዚያ በፊት ግን ማክሰኞ ዕለት ከአባቴ ጋር በጀልባ ባሕር ዳር ወጣን። ከወደቡ በባጃጅ ፔዳ ሄድን። አባቴ በር ላይ ካሉት ዛፎች ሥር ተቀመጠ። እኔ መምህር እንዳሉኝ ቢሮ ሳልሄድ አንዲት አራተኛ ዓመት ተማሪ አገኘሁና ጠየቅኋት።

የመመረቂያ ሥራዋ የአንድ ደብር ዛፎች ናቸው! ማስታወሻ ደብተሯን አሳየችኝ። የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ትለካለች፤ በየቦታው አንድ ዓይነት እንዲሆን። የምትለካበት የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ደብተሩ ላይ የዝናብ ጠብታ ያጠፋው ቁጥር ነበር፤ «ለእሱ ዛፍ ተመልሼ ሄጃለሁ» አለችኝ። ለአንድ ቁጥር ስትል ተመልሳ ሄዳለች። አባቴን ጠርቼ አስተዋወቅኋት። እሱም ወይራ ስንት ዓመት እንደሚኖር ጠየቃት። ብዙ አወሩ። እኔ ዝም ብዬ ሰማኋቸው።

ስንመለስ ጀልባው ላይ አባቴ ምንም አላለም። ዘጌ ልንደርስ ስንል «ስንት ዓመት ነው ያልሽኝ?» አለ። አራት አልኩት። «አያትሽ እስከዚያ ትቆይልሽ» አለኝ።

አንደኛ ምርጫዬ ባሕር ዳር ነው፣ ሁለተኛው ጎንደር። የአዲስ አበባውን ለማስተርስ አቆይቼዋለሁ፤ ፋሲለደስ አትቀየመኝ። አያቴም ፈቀደችልኝ፤ ሁሉን ሳይሆን አምስት መድኃኒት ብቻ። ሌሎቹን «እኔ ስሞት እንጂ» ብላለች። እሺ አልኳት።

ናሙናዬ ደርቋል። በ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ነው የተጫንኩት። አንዱ ቅጠል ትንሽ ሻግቷል፤ አንድ ቀን ጋዜጣ መቀየር ረስቼ ነው። ከሥሩ የለጠፍኩት ወረቀት ይህ ነው። ስህተት ካለው አርሙኝ።

ክሮቶን ማክሮስታኪየስ። የአካባቢው ስም፦ ብሳና።
ቦታ፦ ዘጌ፣ ከሐይቁ ዳር 200 እርምጃ ያህል ወደ ላይ፣ ቡና መሐል።
ከፍታ፦ 1,800 ሜትር ገደማ።
ማስታወሻ፦ ትልቅ ዛፍ፤ ለቡና ጥላ የተተወ። ፍሬ ይዟል። የረገፈው ቅጠል ቀይ ብርቱካንማ ነው። ቅጠሉ ሥር ሁለት ዕጢ አለ።
ስሙን የነገረችኝ፦ አያቴ።
የሰብሳቢ ቁጥር፦ 1

አራት ኪሎ

ቀኑን ረስተሻል። ቀን የሌለው ናሙና ሄርባሪየም አይገባም። እሱን ጨምሪበትና ቁጥር 2ን ላኪልን።